የቆመችው መርከብ ምስክር

በሆሳዕና ባሕር የለም። ውሃ የምናየው ከምንጭ ስንቀዳና ክረምት ሲገባ መንገዱ ሁሉ ጭቃ ሲሆን ነው። እኔም እስከዛሬ ባሕር አላየሁም፤ አሁን ጉልበቴም ዓይኔም ደክሟል፣ ከእንግዲህም የማይ አይመስለኝም። ሆኖም ስለ አንዲት አሮጌ የእንጨት መርከብ ከእኔ የበለጠ አውቃለሁ የሚል ሰው በዚህ አገር ካለ ይምጣና እንነጋገር። የምኖርበትን ቤት ያተረፈችልኝ እሷ ናት፤ እሷና እሷን ያዩ አንድ ሰው።

ሰውየው ጎረቤታችን ነበሩ። ጊዜው ጣሊያን ከመግባቱ በፊት ነው፤ ሆሳዕናን ሽማግሌዎቹ ገና ዋቸሞ እያሉ ይጠሯት ነበር። ጎረቤታችን ሚስትም ልጅም የላቸውም። ከአጥራችን ወዲያ ባለች ጎጆ ብቻቸውን ሆነው ከእንሰት ቃጫ ገመድ እየገመዱ ይኖራሉ። ከከተማው ዙሪያ ካለው ከሌሞ የሚመጡ ሴቶች ቃጫውን በሸክም ያመጡላቸዋል፣ እሳቸው ገምደው ለገበያ ያወጡታል። የእሳቸውን ገመድ አንዴ የገዛ ሰው የሌላ ሰው ገመድ ዞር ብሎ አያይም። ከተማው ባሕረኛው ይላቸዋል፤ እኔ ጋሼ እላቸዋለሁ፣ እሳቸውም እሜቴ ይሉኛል።

ባሕረኛ የተባሉበት ምክንያት ይህ ነው። ወጣት ሳሉ በሸዋ በኩል በቅሎ የሚገዛ አንድ ፈረንጅ መጣ። በቅሎ ጠባቂ ሲፈልግ እሳቸው ገቡለት። በቅሎዎቹን እየነዱ ወደ ጠረፍ ወረዱ፣ ከዚያም ከበቅሎዎቹ ጋር በጭስ መርከብ ሆድ ውስጥ ሆነው ባሕሩን ተሻገሩ። ማዶ ሲደርሱ ፈረንጁ በቅሎዎቹን አስረክቦ ጠባቂውን ረሳው። አገሩ ብርድ፣ ቋንቋው ባዕድ፣ የሚያውቁት ሰው የለ። ወደቡ ላይ ሲንከራተቱ አንዲት አሮጌ የእንጨት መርከብ ላይ ገመድ የሚገምድ ሰው ይፈለጋል ተባለና ገቡ። ወጣትነታቸውን እዚያች መርከብ ላይ ፈጁት። አገራቸው ሲመለሱ ወደ ደቡብ ከሚወርድ ጦር ጋር በቅሎ ጫኝ ሆነው እኛ ዘንድ መጡ፤ እዚሁም ቀሩ።

የመርከቧን ታሪክ ሲያወሩ ብትሰሟቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ ባለቤቴ ከግቢያችን ዛፍ ሥር አጎዛ ያስነጥፍላቸዋል፤ ጎረቤቱም ቀስ እያለ ይሰበሰባል። እሳቸው አይቸኩሉም። ገመዳቸውን ጭናቸው ላይ እያሹ ከእንጨቱ ይጀምራሉ።

በብርድ አገር ከሚበቅል፣ እንደ ወይራ ከጠነከረ እንጨት ነው የተሠራችው ይላሉ። ግንዱን ቆርጠው ዓመታት ያደርቁታል፤ እርጥብ እንጨት ለመርከብ አይሆንም። ሦስት ምሰሶ ነበራት፤ አንዱ ምሰሶ ከአንድ ዛፍ አይወጣም፣ ግንድ በግንድ ላይ እየተቀጠለ በብረት ቀለበት ይታሰራል። በላዩ የሚዘረጋው ሸራ የገበያችንን ዳስ ሁሉ ያለብሳል። በግራና በቀኝ መድፍ ተደርድሮባት፣ ጭስ የለ፣ ሞተር የለ፣ ነፋስ ብቻ እየገፋት ዓለምን ዞራለች። «ነፋሱ ከኋላችን ሲመጣ» ይሉና ገመዱን ያቆማሉ፤ «ሸራው ሁሉ አንድ ጊዜ ይሞላና እንጨቱ ያቃስታል። ያን ጊዜ መርከቧ ሕይወት እንዳላት ታውቃላችሁ።» በረዶ እንደ ተራራ በሚንሳፈፍበት ባሕር አልፈናል ይላሉ። በጦርነት ጊዜ የመድፍ ጥይት ጎኗን በስቷት፣ በዚያው ማዕበል ላይ ቀዳዳውን ደፍነን ወጥተናል ይላሉ።

ባለቤቴ አፉን ከፍቶ ነበር የሚሰማቸው። እኔም ብሆን ሥራ ያለብኝ መስዬ ወዲያ ወዲህ እላለሁ እንጂ ጆሮዬ እዚያው ነው። ዓለምን የዞሩ ሰው ጎረቤቴ ናቸው ብዬ ገበያ ላይ ስንት ጊዜ ተኩራርቻለሁ።

አንዳንድ ቀን ደግሞ ሌላ ነገር ያወራሉ። መርከቧ በትልቅ ሰንሰለት ወደብ ላይ ታስራ፣ በላይዋ እንደ ቤት ጣሪያ ተሠርቶባት፣ የባሕር ኃይል ልጆች ይማሩባት እንደነበር። ፈጽሞ ከቦታዋ አትነቃነቅም ነበር ይላሉ። ይህን የሰሙ ነገረኞች መሳቅ ጀመሩ። ባለፈው እሑድ ዓለምን ዞረች፣ ዛሬ ደግሞ ታስራ ቆመች፤ የትኛውን እንመን እያሉ። ጋሼ ፈገግ ብለው ገመዳቸውን ይቀጥላሉ። ባለቤቴ ተቆጥቶ ነገረኞቹን ዝም ያሰኛቸው ነበር።

ከዚያ ባለቤቴ ታመመ።

ልጅ አልወለድንም። ወገኖቼ ሰሜን አገር ናቸው፣ ከእነሱም ጋር ከተለያየን ብዙ ዘመን ሆኖናል። ባለቤቴ ይህን ስለሚያውቅ ሕመሙ ሲከፋበት ኑዛዜ ልናገር አለ። የነፍስ አባታችንን አስጠራ፤ ሁለተኛ ሰው ማን ይሁን ብለው ሲጠይቁት ባሕረኛው ይምጡልኝ አለ። ከሰዓት በኋላ ነበር፣ ፀሐዩ በበሩ ገብቶ አልጋው ድረስ ይደርሳል። እኔ ራሱን ደግፌ ይዣለሁ። «ይህ ቤት ከነእንሰቱ ለሚስቴ ነው፤ ማንም እንዳይነካት» አለ፤ ድምፁ ቀጭን ቢሆንም ቃሉ ጥርት ያለ ነበር። ከዚያ ጉሮሮው ደረቀና ከምንጩ ቀዝቃዛ ውሃ አምጡልኝ አለ። ጋሼ ከሁላችንም ቀድመው ቅሉን አንሥተው ወጡ። እሳቸው እንደወጡ ባለቤቴ ቀጠለ፣ «የሌሞውም መሬት የእሷ ነው» አለ። ውሃው ሲመጣ ጠጣ፣ ከዚያ በኋላ ስለ ንብረት አልተናገረም። በዚያው ሳምንት ዐረፈ።

ለቅሶው እንዳለፈ የነፍስ አባታችን ወደ አገራቸው ሄዱ፤ ብዙም ሳይቆዩ እዚያው አረፉ የሚል ወሬ መጣ። እንግዲህ የኑዛዜው ምስክር ባሕረኛው ብቻ ሆኑ።

ዋርሳዬ፣ ማለት የባለቤቴ ታላቅ ወንድም፣ ቦኖሻ አካባቢ እህል የሚነግድ ሰው ነበር። በዕድሜ ይበልጠኛል፣ አንቱ ይገባው ነበር። ግን ተዝካሩ በወጣ ማግስት በቅሎውን ግቢዬ ውስጥ አስሮ፣ እግሩን ዘርግቶ ተቀምጦ፣ «በይ እንግዲህ ዕቃሽን ሰብስቢ፣ የወንድሜ ቤት የእኔ ነው» ሲለኝ አንቱታውን ያን ጊዜ ነሣሁት።

«ኑዛዜ አለኝ» አልኩት።

«ማን ሰማ?»

«ባሕረኛው።»

ሳቀ። ሆዱን ይዞ ሳቀ። «ያ ውሸታም? ጥሩ ምስክር አግኝተሻል» አለኝ።

በአፌ የመጣውን ሁሉ ብናገረው ደስ ይለኝ ነበር፤ ምላሴን ነከስኩና ዳኛ ዘንድ እንገናኝ አልኩት። እንቅልፍ ግን አጣሁ። ከዚያ ቤት ብወጣ መሄጃ የለኝም። ሴት ብቻዋን፣ ወገን በሌለበት አገር፣ የሰው ቤት ጥግ ይዛ እንዴት እንደምትኖር አይቻለሁና ያንን ነበር የማስበው።

ችሎቱ ከዛፍ ሥር ነው የሚቀመጠው። ዳኛው ወንበር ላይ ሆነው በግራና በቀኛቸው ሽማግሌዎች ይቀመጣሉ፤ ከእነዚያ አንዱ በቤት ሥራ የታወቁ የሀዲያ አዛውንት ነበሩ። ከሌሞም ከሀደሮም የመጣ ተከራካሪ ሣሩ ላይ ተራውን ይጠብቃል። እኔ ነጠላዬን አደግድጌ ቆምኩና ነገሬን ተናገርኩ፤ ምስክሬንም ጠራሁ። ጋሼ ገና ከመቆማቸው ዋርሳዬ እጁን አነሣ።

«ጌታዬ፣ ይህ ሰው ምስክር አይሆንም። ከተማው ሁሉ የሚያውቀው ሐሰተኛ ነው። ዛሬ በመርከብ ዓለምን ዞርኩ ይላል፣ ነገ መርከቧ ታስራ ነበር ይላል። በአንድ መርከብ ያልታመነ በኑዛዜ ይታመናል? ሐሰተኛ ባይሆን በቅሎ እሰጥ!»

የዚያን ጊዜ ክርክር እንዲህ ነው። አንዱ እሰጥ ካለ ሌላው አገባ ይላል፤ የተረታው የተወራረደበትን ለዳኛው ያስረክባል። እኔ በቅሎ የለኝም። የበቅሎ ጭራ እንኳ የለኝም። ግን ያ ሳቁ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎ ነበርና፣ «አገባ» አልኩ።

ሰዉ ጉድ አለ። ዳኛው አየት አደረጉኝና፣ «በቅሎሽ የት አለች?» አሉ።

«ከተረታሁ ከቤቱ ይወሰድ፤ ቤቱ ከሄደ ሌላው ምኔ ነው» አልኳቸው።

ዳኛው ትንሽ አሰቡ። ሰውየው ስለ መርከቧ የሚናገረው እውነት መሆን አለመሆኑ ይጣራ፤ ከታመነ ኑዛዜውን ይመስክር፣ ካልታመነ ምስክርነቱ ይውደቅ ብለው ለሳምንት ቀጠሩን። እንዲህ ሆነና ቤቴ በማላውቃት መርከብ ላይ ተንጠለጠለ።

በዚያ ሳምንት ጋሼ ወደ ግቢዬ መጡ። የወትሮው ሰው አልነበሩም፤ ገመዱን ይይዙታል እንጂ አይገምዱም።

«እሜቴ፣ ምነው ያቺን መርከብ ባላወራኋት ኖሮ» አሉኝ።

«መርከቧ አለች አይደለም እንዴ ጋሼ?»

«አለች።»

«አይተዋታል?»

«እንዴታ፤ ኖሬባታለሁ።»

«ታዲያ ምን ያስጨንቅዎታል? ያንኑ ይናገሩ።»

ገመዱን ጉልበታቸው ላይ አጣጥፈው አስቀመጡት። ከዚያ «እሺ፣ ያንኑ እናገራለሁ» ብለው ተነሥተው ሄዱ። እኔ እርጅና ነው፣ ፍርሃት ነው ብዬ አለፍኩት።

የቀጠሮው ቀን ከዛፉ ሥር የነበረው ሰው የገበያ ቀን ይመስል ነበር። ነገር የሌለበትም መጥቷል። አማርኛ ለማይሰሙት አስተርጓሚው በሀዲይኛ ይመልሳል፤ መርከብን ውሃ ላይ የቆመ የእንጨት ቤት ብሎ ሲተረጉመው እነሱም ለመስማት ቀረብ ቀረብ አሉ። ጋሼ ንጹሕ ሸማ ለብሰው ቆሙ። ዳኛው፣ «በል ተናገር፣ ስለዚያች መርከብ» አሏቸው።

ጋሼም እንደ ወትሯቸው ከእንጨቱ ጀመሩ። የሀዲያው አዛውንት እስከዚያ ድረስ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። አሁን ገለጥ አደረጉና በራሳቸው ዜማ ባለው አማርኛ ጠየቁ።

«እኔ ቤት ስሠራ፣ መሬት ውስጥ የገባ እንጨት ጥቂት ዘመን ቆይቶ ይበሰብሳል። ያንተ እንጨት ከአያትህ ጀምሮ ውሃ ውስጥ ቆሞ እንዴት አልበሰበሰም? ውሃውስ እንዴት አልገባም?»

ጋሼ ፊታቸው በራ። ከጉያቸው አንድ እፍኝ ቃጫ አወጡ። «አባቴ፣ ይህ የእኔ ሥራ ነበር» አሉ። «ያረጀ ገመድ እንፈታና እንደዚህ እናባዝተዋለን። በጣውላና በጣውላው መካከል ያለውን ክፍተት በዚያ እንጠቀጥቃለን፤ በብረትና በመዶሻ፣ ውስጥ ድረስ። ከላዩ ጥቁር ዝፍት አፍልተን እናፈስበታለን። አንዱን ጎን ስንጨርስ ያኛው ይጠብቀናል፤ መቼም አያልቅም። ውሃ የሚገባው ሰው የሰነፈ ቀን ነው። የእጄ ጥቁረት አገሬ ገብቼ እንኳ ስንት ጊዜ አልለቀቀኝም ነበር።» እየተናገሩ ቃጫውን በጣታቸው ያባዝቱት ጀመር፤ እጃቸው ከአፋቸው ይፈጥን ነበር።

አዛውንቱ ቃጫውን ተቀብለው አገላብጠው አዩት። ወደ ዳኛው ዘወር ብለው፣ «ይህን እጁ ያውቀዋል» አሉ።

ተረታ፣ በቅሎው ሄደች አልኩ በሆዴ። ዋርሳዬ ግን ቀላል ሰው አይደለም፤ ፈቃድ ጠይቆ ቀረበ።

«መርከቧ ዓለምን ስትዞር አንተ ላይዋ ነበርክ?»

ጋሼ ሸማቸውን አስተካከሉ። አንዲት «አዎ» ነበረች የቀረችው። ከሆሳዕና ተነሥቶ ባሕር አቋርጦ የሚያጣራ ማን አለ? እኔ እንኳ ዓይኔን አፍጥጬ ይበሉ እንጂ እላቸው ነበር።

«አልነበርኩም» አሉ።

«የመድፉ ጥይት ሲመታትስ?»

«አልነበርኩም።»

«ስትሄድስ አይተሃታል?»

«ስንዝር እንኳ ስትሄድ አላየኋትም» አሉ ጋሼ። «ታስራ ነው ያገኘኋት፣ ታስራ ነው የተውኳት።»

ሳቁ ከዛፉ ሥር ፈነዳ። አስተርጓሚው እስኪተረጉም ደግሞ በዚያ በኩል እንደገና ፈነዳ። ዋርሳዬ ሁለት እጁን ዘርግቶ፣ «በገዛ አፉ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ አለ?» አለ። ጋሼ ራሳቸውን ዝቅ አድርገው ቆመዋል። እነዚያ ሁሉ እሑዶች፣ ያ ሁሉ ክብራቸው፣ ሰው ሲያልፉ ብድግ የሚልላቸው፣ እዚያ ሣር ላይ ሲፈስ ይታየኛል። አንጀቴን በሉኝ። ደግሞም ተናድጄባቸዋለሁ፤ ሁለቱም አንድ ላይ።

ዳኛው ሳቁን አስቆሙና፣ «ታዲያ ለምን እንደነበርክ አድርገህ አወራህ?» አሉ።

«ጌታዬ፣ እዚያ መርከብ ላይ አንድ ደንብ አለ» አሉ ጋሼ። «አዲስ የገባውን ሁሉ፣ የጌታ ልጅም ቢሆን እንደኔ ያለ ገመድ ገማጅም ቢሆን፣ አንድ ሽማግሌ መርከበኛ ከጫፍ እስከ ጫፍ ያዞረዋል። እጁን በየእንጨቱ እያስነካ ታሪኳን ይነግረዋል። ሲጨርስ አዲሱ ሰው መልሶ ይናገራል፤ ካልተናገረ እራት የለውም። የምንናገረውም እንደነበርን ሆነን ነው። እሷ የሄደችበትን ሁሉ እኛ እንደሄድንበት እንቆጥረው ነበር። እኔም በዚያው ለመድኩ። ሰው ሲሰማኝ ደስ አለኝና አላረምኩም። ይህ ጥፋቴ ነው።»

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠረገ፣ ሌላው መሬት መሬት አየ። የአባቶቹን ዘመቻ ስንዘምት እያለ የማያወራ ሰው በዚያ ችሎት ላይ አልነበረም። ዳኛው ራሳቸው ይህን አገር ስናቀና የሚሉት ነገር ነበራቸው፤ ያን ጊዜ የጡት ልጅ እንደነበሩ ሁላችንም እናውቃለን።

«እንግዲያው ለይልኝ» አሉ ዳኛው፣ ድምፃቸው ለስለስ ብሎ። «ያየኸውን ለብቻው፣ የሰማኸውን ለብቻው።»

ጋሼ ለዩት። መዞሯን ሰምቻለሁ፣ በረዶውን ሰምቻለሁ፣ ጦርነቱን ሰምቻለሁ። ሊያፈርሷት ሲሉ አንድ የጦር አለቃ ይህን ሁሉ ያየ እንጨት ማገዶ አይሆንም ብሎ እንዳስጣላት፣ እሱንም ሰምቻለሁ። የተቆረጡትን ሁለት ምሰሶዎች ጉቶ አይቻለሁ። መድፎቹ ይቆሙበት የነበረውን መስኮት አይቻለሁ፤ ልጆቹ መጽሐፋቸውን ያስቀምጡበት ነበር። የጥይቱን ቀዳዳ፣ በሌላ ዓይነት እንጨት የተደፈነውን፣ ሌሊት በተኛሁ ቁጥር በጣቴ እነካው ነበር፤ መኝታዬ ከሥሩ ነበር አሉ። አንድም ሳይደባልቁ፣ አንድም ሳያሳምሩ ተናገሩ። ሳቅ የሚባል ነገር ጠፋ።

ዳኛው ወደ ኑዛዜው አለፉ። «በዚያ ቀንስ ምን ሰማህ?»

«ይህ ቤት ከነእንሰቱ ለሚስቴ ነው፤ ማንም እንዳይነካት ሲሉ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አፋቸውንም አይቻለሁ።»

«የሌሞውስ መሬት?»

የሌሞው መሬት ገብስ የሚያበቅል፣ ጥቁርና ለም፣ ከቤቱም ከጓሮውም የሚበልጥ መሬት ነው። የሚተርፈኝ እሱ ነበር። ጋሼን ትክ ብዬ አየኋቸው። እሳቸውም አዩኝ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር።

«እሱን አልሰማሁም» አሉ። «ውሃ አምጡልኝ ብለው ልቀዳ ወጥቼ ነበር። ስመለስ ንግግሩ አልቋል። እሜቴ ብለዋል ይሉኛል፤ እሳቸው አይዋሹም። እኔ ግን አልሰማሁም።»

ምን አለበት ቢጨምሩልኝ ብዬ በውስጤ ተቃጠልኩ። እዚያው ቆሜ ላለቅስ ምንም አልቀረኝም። ዳኛው ግን ወንበራቸው ላይ ተስተካክለው ተቀመጡና ለሽማግሌዎቹ ተናገሩ።

«መዋሸት የሚፈልግ ሰው ቢሆን መዋሻው ይህ ቦታ ነበር። ጎረቤቱ ናት፣ ትለምነዋለች፣ የሚያስተባብለውም የለም። በመርከቧ ራሱን አዋረደ፣ በመሬቱ ወዳጁን አስቀየመ፤ ያልሰማውን ግን አልተናገረም። እኔ አምኜዋለሁ።» ወደ ጋሼ ዞረው፣ «አባቴ፣ ይቀመጡ፤ ብዙ ቆሙ» አሏቸው። ሲጀምሩ አንተ ይሏቸው የነበሩት ዳኛ ናቸው እንዲህ ያሉት።

ቤቱና እንሰቱ ለእኔ ተፈረደልኝ፤ ምስክሬ አንድ ብቻ በመሆኑም በቤተ ክርስቲያን ደጅ ምዬ ጨረስኩት። የሌሞው መሬት ለዋርሳዬ ሆነ። በቅሎውም ለዳኛው ገባች። ዋርሳዬ መሬት አግኝቶ፣ በቅሎ አጥቶ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ በዚያ ጭቃ ወደ ቦኖሻ በእግሩ ሲሄድ ከአጥሬ ላይ ሆኜ አየሁት። ደስ አላለኝም ብል ዋሸሁ።

ጋሼ ግን ከዚያ ቀን ወዲህ እሑድ አይመጡም። ገበያ ላይ የማይረባው ሁሉ ያልሄደው ባሕረኛ እያለ ይጠራቸው ነበር። እሳቸውም ገመዳቸውን በሰው ይልካሉ እንጂ አይወጡም። እኔም የሌሞው መሬት ነገር ሆዴ ውስጥ እያረረ ትንሽ ቆየሁ። ከዚያ አንድ ጠዋት ከቤቴ በር ላይ ቆሜ እንሰቴን አየሁ፣ ጣሪያዬን አየሁ። ይህ ሁሉ የተረፈው ሰውየው ክብራቸውን ስለጣሉ አይደል እንዴ? ሌላ ሰው ቢሆን ክብሩን ይዞ እኔን መንገድ ላይ ይጥለኝ ነበር። አፈርኩ። ቆጮ ጋግሬ፣ አይብ ይዤ፣ ወደ ጎጇቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ ለመሆኑ ያቺ መርከብ ቆማ ምን ትሠራ ነበር?» አልኳቸው ገና ሳልቀመጥ።

«ምን ያደርግልዎታል እሜቴ፣ ቆማ ነበር በቃ» አሉ።

«ቆማ የሠራችውን ይንገሩኛ። ያዩትን።»

እያመነቱ ጀመሩ። ጠዋት ደወል ሲደወል ልጆቹ ባዶ እግራቸውን ወጥተው ወለሉን በአሸዋና በድንጋይ እያሹ ያጥቡ ነበር አሉ። ከዚያ በቀረችው አንድ ምሰሶ ላይ ይወጣሉ። አባት እናት የሌለው ልጅ ይበዛባቸዋል፤ የመጀመሪያው ቀን ገመዱን ይዞ የሚያለቅስ፣ እግሩ የሚንቀጠቀጥ አለ። በወራት ውስጥ ያው ልጅ ከምሰሶው ጫፍ ላይ ቆሞ ኮፍያውን ያውለበልባል። ያደጉት በብረት መርከብ ተጭነው ሲሄዱ በእሷ አጠገብ ነው የሚያልፉት፤ ሁሉም ተሰልፈው ኮፍያቸውን ያወልቁላታል። ከአለቆቻቸው እንኳ የሚያለቅስ ነበር። «እኔ ወለሉ ላይ ዝፍቴን እያፈላሁ አያለሁ» አሉ ጋሼ፤ «እሷ ቆማለች፣ እነሱ ይሄዳሉ። በልጅነቷ የዞረችውን እኔ አላየሁም። ይህን ግን አይቻለሁ፤ እሜቴ፣ ከዚህ የሚበልጥ ነገር በዕድሜዬ አላየሁም።»

እኔም ከመጀመሪያው ታሪክ ይልቅ ይህንን ወደድኩት። እንዲያውም ያን ሁሉ እሑድ ይህን ደብቀው በረዶ ሲያወሩልን እንደነበር ሳስበው ተናደድኩባቸው፤ ነገርኳቸውም፣ ሳቁ። በሚቀጥለው እሑድ አጎዛውን አስነጠፍኩና ጎረቤቱን ራሴ ጠራሁ። የሚስቅ ካለ በበሩ ይውጣ ብዬ ነበርና ማንም አልሳቀም። ከዚያ ወዲያ ሰዉ ተመልሶ ለመዳቸው።

ዓመታት አለፉ። አንድ ቀን ከቦኖሻ ሰው መጣ። ዋርሳዬ ታሟል፣ ከዚህ የሚነሣ አይመስልም፣ ኑዛዜ ሊናገር ነው አለ። ልጆች ነበሩት፤ ከሁለት ሚስት የተወለዱ፣ ከአሁኑ የተጣሉ።

«ታዲያ እኔን ለምን ትነግረኛለህ?» አልኩት መልእክተኛውን።

«እርስዎን አይደለም» አለ። «ያንን የመርከቡን ሰው ይዘህልኝ ና ብሎኛል። ሌላ ምስክር አልፈልግም፣ እሳቸው ካልመጡ አልናገርም ብሏል።»

ጋሼ ሸማቸውን ለብሰው ወጡ፤ መንገዱን አይችሉትም ብዬ እኔም አብሬ ሄድኩ። ስንደርስ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። ዋርሳዬ አልጋው ላይ ቆዳና አጥንት ሆነው ተኝተዋል። አዎ፣ አንቱ አልኩ፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ መልሼላቸዋለሁ። ጋሼን ሲያዩ እጃቸውን ከብርድ ልብሱ አውጥተው በራስጌያቸው በኩል እንዲቀመጡ አመለከቱ። እኔን አላዩኝም፣ ወይም አይተውኝ ዝም ብለዋል። ከዚያ ወደ ትልቁ ልጃቸው ዞሩና በዚያ በደከመ ድምፅ፣ «ከመጀመሬ በፊት ውሃ አምጥታችሁ አጠገባቸው አስቀምጡ» አሉ፤ «ሊቀዱ እንዳይወጡብኝ።»